ያልረጠበው መረብ

ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አብዱልወሀብ ካምፓላ ዳር፣ ሐይቁ ጫፍ ያለው ጋባ ሲደርስ የዓሣ ገበያው ጭጭ ብሎ ነበር። ሌላ ጊዜ ገና ከታክሲ ሳይወርድ የሚቀበለው የሴቶቹ ጩኸት፣ የጀልባው ሞተር፣ የቢላዋው ኳኳታ አንዱም የለም። ሰው ግን እንደ ጉድ ሞልቷል። ሁሉም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ሐይቁ ያያል።

ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና በሰው መሀል እየተሹለከለከ ወደ ፊት ወጣ።

የውሃው ዳር ነጭ በነጭ ሆኗል። የአገሬው ሰው ምፑታ፣ አበሻው ነጭ ዓሣ የሚለው ያ ትልቁ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተንሳፍፏል። አንዱ ክንድ ያህላል፣ ሌላው የልጅ ቁመት። ማዕበሉ ገፋ ባደረጋቸው ቁጥር እርስ በርሳቸው ይላተማሉ። አፋቸው ሁሉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ አየር ሲፈልጉ የሞቱ ይመስላሉ።

«ከዚህ እስከ ሙንዮንዮ ወደብ ድረስ እንዲሁ ነው» አለ አንድ ቀዛፊ ለማንም ሳይሆን።

የገበያው ጣሪያ ላይ አባ ኮዳዎቹ ተደርድረዋል። የካምፓላን ቆሻሻ እየለቀሙ የሚኖሩት እነዚህ መላጣ ትልልቅ ወፎች ሌላ ቀን ለአንዲት አንጀት ይጣላሉ። ዛሬ አንዱም አልወረደም።

«ለምን አይበሉም?» ሲል አብዱልወሀብ አጠገቡ የቆመችውን ዓሣ ፋቂ በተሰባበረ ስዋሂሊው ጠየቃት።

«ጠግበው ነዋ! ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሲበሉ ነው የዋሉት» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። «ወይ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ።»

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ። አብዱልወሀብ ቀኑን በልቡ ቆጠረ።

የወሎ ሰው ነው። ካምፓላ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ። ከጋባ ዓሣ ይገዛል፣ ይበልታል፣ በየአበሻው ቤት ያደርሳል። ሥራው የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ዓሣ አይታረድም። የሙስሊም ቢላዋ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይነካም። ድግስ ሲሆን ሁለት ሙክት ይገዛል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሰዉም ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። ዓሣ ግን ማንም ስም ሳይጠራበት ከውሃ ወጥቶ ይሞታልና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ስለማይጠይቀውም አብዱልወሀብ ዓሣው እንዴት ሞተ ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

የነቢያት ጾም ሲገባ ገበያው ይደራል። በጾም ዓሣ አይበላም የሚሉ አሉ፤ ይበላል የሚሉም አሉ። ንቲንዳ የሚኖሩት እትዬ አሰፋሽ ከሁለተኞቹ ናቸው። «አይበላም ሲሉ የሰማኋቸው ብዙ ናቸው፤ ሲቀርብ እምቢ ያለ ግን አላየሁም» ይላሉ። የባለቤታቸው የጋሼ ኃይለመስቀል ሙት ዓመት ዛሬ ነው። ለገና ሦስት ቀን ስለቀረ በግ አይታረድም። ጋሼ ኃይለመስቀል ደግሞ በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ውስጥ እስላም ክርስቲያን የማይሉ ሰው ነበሩ፤ የሚመጡት ሠላሳ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ናቸው። ስለዚህ ዓሣ ታዘዘ። ሃያ ኪሎ ነጭ ዓሣ፣ እሑድ ማታ የሚደርስ።

«ቃሌ ነው፣ እትዬ» ብሎ ነበር አብዱልወሀብ። «ሌላውን ሰው ባስቀርም የእርስዎን አላስቀርም።»

ቅዳሜ ሌሊት ግን ነፋስና ዝናብ ከተማውን ሲያምሰው አደረ። ቆርቆሮ ተገነጠለ፣ ንቲንዳን ጨምሮ ብዙ ሰፈር መብራት ጠፋ። እሑድ ጠዋት ጋባ ቢሄድ አንድም ጀልባ ሐይቅ ውስጥ አላደረም። ጠረጴዛዎቹ ባዶ ናቸው። ምን ብዬ ነው እትዬ ፊት የምቆመው እያለ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ የሚያውቀው ካቶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እየገፋ ከች አለ። ጀልባው እስከ አፍ ገደፉ ነጭ ዓሣ ሞልቷል።

መረቡ ጀልባው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

አብዱልወሀብ መረቡን አየ። ካቶም መረቡን ሲያይ አየው። አብዱልወሀብ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ዓሣ ስንጥብ፣ መተንፈሻውን፣ ገለጠ፤ ቀላ ይላል። ዓይኑን አየ፤ ብዙም አልደፈረሰም። ከልጅነቱ ጀምሮ የባሕር በድን ሐላል ነው ሲባል ሰምቷል። ያቺን ይዞ ልቡን ዘጋና ሃያውን ኪሎ አስመዘነ። ማታ ንቲንዳ ወስዶ ለእትዬ አሰፋሽ አስረከበ። መርቁኝ ሳይል እሳቸው መረቁት።

አሁን ያ ሁሉ ዓሣ ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ያየዋል።

«ጋሼ አብዱልወሀብ!»

ዞር ሲል ሌንሳ ናት። የጅማ ልጅ ናት፣ ስለ ውሃና ስለ ዓሣ የተማረች። ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ሆና በየሳምንቱ የሐይቁን ውሃ ትለካለች። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ጫማ አድርጋ፣ ትንንሽ ጠርሙሶች የሞላ ሳጥን ይዛ ከውሃው እየወጣች ነው።

«ሌንሳ፣ እህቴ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሰው መርዝ ጨምሮበት ነው?»

«ሁላችንም ነን የጨመርንበት» አለች ሳጥኑን እያስቀመጠች። «የከተማው ሽንት ቤት፣ የልብስ ሳሙናው፣ የእርሻው ማዳበሪያ፣ ሁሉም በናኪቩቦ ቦይና በየወንዙ አድርጎ እዚህ ይገባል። ውሃው ላይ የምታየው ያ አረንጓዴ አልጌ፣ ይህን ሁሉ እየበላ ይፋፋል። ከዚያ ይሞትና ወደ ታች ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። እታች ያለው ውሃ ትንፋሽ የሌለው ውሃ ነው።»

«እታች ከሆነ ከላዩ ጋር ምን አገናኘው?»

«የቅዳሜው ነፋስ ገለበጠው። የታችኛው ወደ ላይ ወጣ። ነጭ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ነው የሚፈልገው፤ መጀመሪያ የሚታፈነው እሱ ነው። ተመልከት፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ መሀላቸው? አምባዛስ? የለም። እነሱ በትንሽ ኦክስጅንም ይኖራሉ። ይሄ እዚህ ብቻ እንዳይመስልህ፣ በውቅያኖስም ትልልቅ ወንዝ በሚገባበት ቦታ እንዲህ ያለ ምንም የማይኖርበት ውሃ አለ።»

አብዱልወሀብ ከሰማው ሁሉ አንዷን ይዞ ተንጠለጠለ። «ታፍኖ ከሆነ የሞተው፣ መርዝ ካልሆነ... ይበላል ማለት ነዋ?»

ሌንሳ ጓንቷን አወለቀች።

«መታፈኑ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን መቼ ሞተ? ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተንሳፈፈ? ደግሞ አንዳንዱ አልጌ ራሱ መርዝ ያመነጫል። ጉበት ነው የሚጎዳው። ቀቀልከው ጠበስከው አይጠፋም። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም፤ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። ጤነኛ ሰው ምናልባት ሆዱን ታሞ ያልፍለት ይሆናል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን...» ፊቱን አየችና አቋረጠች። «ጋሼ፣ ከዚህ ሽጠሃል እንዴ?»

«ትናንት» አለ። «ሃያ ኪሎ። ለእትዬ አሰፋሽ። የጋሼ ኃይለመስቀል ሙት ዓመት።»

«መቼ ነው የሚበላው?»

«ዛሬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ስልኳን ገልብጣ አየች። ሰባት ተኩል ሊሆን ነው። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ!» አለች።

የእትዬ አሰፋሽ ስልክ ዝግ ነው። ሦስት ጊዜ ደወለ፣ ሦስቴም ያቺ ሴትዮ በእንግሊዝኛ አይገኝም አለችው። የሚስቱ የሙሚናም ዝግ ነው። ሙሚና ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ቤት ነበረች፤ ስድስተኛ ወሯን የያዘች ብትሆንም ሽንኩርት ለመክተፍ፣ እሳት ለማየት ብላ ሄዳለች። ሰፈሩ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ስለሌለው የሁሉም ስልክ ሞቷል።

አንድ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ላይ ዘሎ ወጣ። «ንቲንዳ! ቶሎ!»

«ሴቦ፣ ጌታው፣ ዓሣ ዓሣ ነው የምትሸተው» አለ ሹፌሩ ሞተሩን እያስነሳ። «ሚስትህ ልታባርርህ ነው።»

«ንዳ ብዬሃለሁ!»

ካንሳንጋን፣ ካባላጋላን አለፉ። አብዱልወሀብ ከኋላ ተቀምጦ እያሰላ ነበር። ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። እንግዳውም ቄሱ ጸሎት ሳያደርሱ ትሪ አይነካም፤ ሙስሊሙም ቢሆን ባለቤቲቱ ሳይጀምሩ አይጀምርም። ሙሚናም ያው ነች፣ ሰው ቤት ሄዳ ቀድማ የምትቆርስ ሴት አይደለችም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከደረሰ ማንም አልተነካም ማለት ነው። ይህን ደግሞ ደጋግሞ ለራሱ ነገረው። በነገረው ቁጥር ትንሽ ይቀለዋል፤ ከዚያ አንድ መታጠፊያ ላይ መንገዱ በመኪና ይዘጋል፣ ሰዓቱን እንደገና ያያል።

የጂንጃ መንገድ ላይ ወታደሮች መንገዱን በግማሽ ዘግተው ይፈትሹ ነበር። ምርጫው ሊደርስ ዐሥር ቀን ስለቀረ ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው። አንዱ ወታደር እጁን አነሳ። «ማስክህ የት አለ?»

አገጩ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲጎትተው ክሩ ተበጠሰበት። ወታደሩ ከላይ እስከ ታች አየው፤ መታወቂያ አምጣ አለው። የስደተኛ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያይ ይመስል ረጅም ጊዜ ያዘው። አብዱልወሀብ ሰዎች ሊሞቱ ነው ብሎ ሊነግረው አሰበ፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለወታደር ተናግሮ መቼ ነው የሚለቀቀው? ተወው። ቦዳ ነጂው ከኪሱ ሌላ ማስክ አውጥቶ ሰጠው። «እንዲህ ከሆንክ ሚስትህ ምጥ ይዟታል ማለት ነው» አለው ሲለቀቁ። ማሾፉ ነበር።

ንቲንዳ እትዬ አሰፋሽ በር ላይ ሲወርድ ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ግቢው ውስጥ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረዋል። ቄሱ ጥላው ሥር ቆመው ፍትሐቱን እየጨረሱ ነው። ትሪዎቹ ተሸፍነው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ የወጡ ሽታ ከጓሮ እየመጣ ሰዉን ምራቁን ያስውጠዋል። ማንም አይበላም። አብዱልወሀብ የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ ቆመ።

የሟች ጓደኛ የነበሩት አቶ ዘማርያም ቀድመው አዩት። «ኧረ አብዱልወሀብ መጣ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲህ የምትሮጠው ዓሣው አንሶ ነው? ወይስ አንተን ልንጨምርህ?»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

«እንዳትበሉ» አለ አብዱልወሀብ።

«ምን?»

«ዓሣውን እንዳትበሉ!» አሁን ጮኸ። ቄሱ አቋረጡ። ሠላሳው ሰው ዞሮ አየው። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ሰው ዓይኑን ጥሎበት አያውቅም። «ሐይቁ ላይ ዓሣው ሁሉ ሞቶ ተንሳፍፏል። የትናንቱም ከዚያው ነው። የተጠመደ አይደለም፣ የተለቀመ ነው። መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ገና አልታወቀም።»

እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከጓሮ ወጡ። ጥቁር ልብሳቸው ላይ ዱቄት አለ። «ምንድን ነው የሚለው ይሄ ልጅ?» ብለው ሰዉን ጠየቁ እንጂ እሱን አላዩትም።

«እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የቀመሰ ሰው የለም አይደል?»

«በጾም ማን ይቀምሳል!» ተቆጡ። «እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። እንግዳውም እንዳየኸው ነው። ማንም ሰው...»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አፋቸው ሄደ። ወደ ጓሮው ዞሩ።

ጾመኛ ድስት ሲሠራ ጨው አይቀምስም። እትዬ አሰፋሽ ሲጾሙ ሙሚና ትቀምስላቸዋለች፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እሳቸው ለሙሚና ይቀምሱላታል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን አብዱልወሀብ በዓይኑ አይቷል። አይቷል፣ ስቆበታል፣ ጋባ ቆሞም ሆነ ቦዳው ላይ ተቀምጦ ሲያሰላ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለውም።

ሙሚና ጭልፋውን እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለች። የሰማችው ከጩኸቱ ግማሹን ነው። ፊቷ ከእሳቱ ቀልቷል።

«ስንቴ ቀመስሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«ዓሣውን፣ ሙሚና! ስንቴ?»

ሰዉን አየች፣ እትዬን አየች። «ጉላሹን ሁለቴ... ወጡን አራት አምስቴ። ጨው አልያዘም ነበር።» ድምጿ ቀነሰ። «የተጠበሰውንም አንዲት ቁራሽ። እትዬ ናቸው ያጎረሱኝ፣ ለያዝሽው ልጅ ብለው።»

እትዬ አሰፋሽ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

አብዱልወሀብ ለሌንሳ ደወለ። ሌንሳ ብዙ አላወራችም። መቼ ቀመሰች፣ ምን ያህል ቀመሰች፣ ስንተኛ ወሯ ነው ብላ ጠየቀች። ከንፈሯ ደንዝዞ እንደሆነ፣ ሆዷን ቆርጧት፣ አስመልሷት እንደሆነ ጠየቀች። የለም ሲላት «የለም ማለት አልነካትም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዱ በማግስቱ ነው» አለች። «አሁኑኑ ክሊኒክ ውሰዳት። የልጁን እንቅስቃሴ ትከታተል።» አብዱልወሀብ ይህን የመጨረሻውን ለሙሚና ሲነግራት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ አላነሳቻቸውም።

አቶ ዘማርያም ከጎረቤት መኪና ሊለምኑ ወጡ። ወንዶቹ ጓሮ ሄደው ውሻ እንዳይበላው ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። የአካፋው ድምፅ ይሰማል። እትዬ አሰፋሽ ሙሚናን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ጫማዋን አወለቁላት፣ ግንባሯን በነጠላቸው ጠረጉላት። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ማንም ስለ መብላት አላነሳም።

«አብዱልወሀብ» አሉ ሳያዩት።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ትናንት ስታመጣልኝ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ነበር ማለት ይችል ነበር። ካቶ እዚህ የለም። ያየው ሰው የለም። ሙሚናን አየ፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ መልሱን ግን እየጠበቀች ነው።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «መረቡ ደረቅ ነበር። ሐይቅ ያልገባ መረብ ነው። አየሁት፣ አልጠየቅኩም። ቃሌን እንዳላጥፍ ብዬ... ደግሞ ሐላል ነው ብዬ።»

እትዬ አሰፋሽ የሙሚናን እግር ማሸት ጀመሩ።

«ለካ ለዚህ ነው» አለች ሙሚና።

«ምኑ?»

«ጭንቅላቱ።» ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። «ካረገዝኩ ጀምሮ ከየትኛውም ዓሣ ጭንቅላቱን ሳታመጣልኝ ቀርተህ አታውቅም። መረቁን ስለምወደው። ትናንት ባዶ እጅህን መጣህ። ስጠይቅህ ተሸጠ አልከኝ። ጭንቅላት ማን ይገዛል ብዬ አሰብኩ፣ ተወኩት።»

«ሙሚና...»

«ለእኔ የፈራኸውን ለእትዬ አመጣህላቸው።»

ከበሩ ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አቶ ዘማርያም «ኑ! ኑ!» እያሉ ገቡ። አብዱልወሀብ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። ሙሚና የእትዬ አሰፋሽን ትከሻ ይዛ ተነሣች። እሳቸው ከኋላ ወንበር አጠገቧ ገብተው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ጉልበቷን አለበሷት። ከፊት አቶ ዘማርያም ከሹፌሩ ጎን ገቡ። ከኋላ ለአንድ ሰው ቦታ ነበረ። ማንም ና አላለውም።

መስኮቱ ክፍት ነው። አብዱልወሀብ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ተንቀሳቀሰ?» አላት። «ሙሚና፣ ልጁ ተንቀሳቅሷል?»

እጇ ሆዷ ላይ ነው። ዓይኗን ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ተክላለች። ሰምታዋለች፤ ከንፈሯ እንደ መከፈት ብሎ ነበር። ከዚያ ገጠመችው።

መኪናው ተነሣ። አብዱልወሀብ መስኮቱን እንደያዘ ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄደ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረ።